«ኤርትራ» የሚለው ቃል ከዳዊት ነው ወይስ ከሮም? ቀይስ ማለት ምን ቀይ?

ሸገር ልጅ፦
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረበ እንግዳ የተናገረው ነገር እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው። እንዲህ አለ፦ «ኤርትራ የሚለውን ቃል ጣልያን ነው ይዞት የመጣው። ከ1882 ዓ.ም. በፊት በዚህ ምድር ማንም አያውቀውም።» አዘጋጁም «ትክክል» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ማንም? ዳዊት የደገመ የቆሎ ተማሪ ሁሉ «ማንም» ነው? እንዲህ ያለ ነገር በሺህ ለሚቆጠር ሰው እየተነገረ ዝም ማለት አልችልም።

ታሪክ ወዳድ፦
ዝም ማለት ባትችልም እንግዳው ልክ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1890 እ.ኤ.አ. የጣልያኑ ንጉሥ ኡምቤርቶ በአዋጅ ቅኝ ግዛቱን «ኤሪትሬያ» አለው። ስሙን ያቀረበው ካርሎ ዶሲ ነው። ደራሲ ነው፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ የቅርብ ሰው። የወሰደውም ከላቲኑ «ማሬ ኤሪትሬዩም» ነው። ከዚያ በፊት አገሩ መረብ ምላሽ ነበር፣ ምድሪ ባሕሪ ነበር፣ የባሕረ ነጋሽ ግዛት ነበር። የውጫሌ ውል የተፈረመው ከዚህ 8 ወር ቀደም ብሎ ነው። እዚያ ላይ ወሰኑ የተነገረው በመንደር ስም ነው፦ ዓራፋሊ፣ ሐላይ፣ ሰገነይቲ፣ አስመራ። በአጭሩ ኤርትራ የተውሶ ስም ነው። ሐቁ መራራ ቢሆንም።

ዲያቆን ነኝ፦
ወንድሜ ታሪክ ወዳድ፣ የአገር ስምና የባሕር ስም እየቀላቀልክ ነው። እንግዳው «ቃሉን ማንም አያውቀውም» ነው ያለው። ቃሉን! መዝሙረ ዳዊት 105ን ክፈት። እግዚአብሔር ባሕረ ኤርትራን ገሠጻት፣ ደረቀች ይላል። 135ኛው ላይም አለ። ኦሪት ዘጸአትም ላይ የፈርዖን ሠራዊት የሰጠመው በባሕረ ኤርትራ ነው። ይህ መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። ሮም ያኔ ጣልያን የሚባል መንግሥት አልነበራትም። ካርሎ ዶሲ ሳይወለድ ከ1 ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የኛ ካህናት ይህን ቃል በዜማ ይሉት ነበር።

ወዲ ባጽዕ፦
ዲያቆን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ምፅዋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። «የተውሶ ስም» የሚለው ግን አንጀቴን በላው። የሰው አገር ስም ነው እኮ። ሰዎች የሞቱለት ስም ነው። በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወላጆቼ ድምፅ የሰጡበት ወረቀት ላይ የነበረ ስም ነው። እንደተበደረ ዕቃ አድርገህ «ተውሶ» ስትለው «መልስ» ማለትህ ነው ወይስ ምንድነው ሓወይ?

ታሪክ ወዳድ፦
መልስ አላልኩም። ያልኩት ምንጩን ነው። ሰው ስለሞተለት ምንጩ አይቀየርም። ዲያቆንም ራሱ «ከግሪክ ወደ ግዕዝ» አለ። ስለዚህ ያው ተውሶ ነው። አንዴ ከግሪክ፣ አንዴ ከላቲን። «ኤሪትሮስ» ግሪክ ነው፣ ቀይ ማለት ነው፣ አለቀ። በግዕዝ ቀይ «ቀይሕ» ነው። ቃሉ የኛ ቢሆን ኖሮ ባሕረ ቀይሕ ይባል ነበር።

ሸገር ልጅ፦
እሺ፣ «ኢትዮጵያ»ስ? እሷስ ከየት መጣች? የዔዛናን የድንጋይ ጽሑፍ ተመልከት። በግሪኩ «ኤቲዮፕስ» የሚለው ቦታ ላይ በሴሙ ቋንቋ «ሐበሠት» ነው የተጻፈው። «ኤቲዮፕስ» ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ማለት ነው፣ ያውም የግሪኮች አጠራር። በዳዊት «ኢትዮጵያ እጆቿን ትዘረጋለች» የምንለውም በዚያው በግሪኩ ትርጉም በኩል የገባ ነው። ዕብራይስጡ ኩሽ ነው የሚለው። ሁለቱም ስሞች በአንድ በር ገቡ። አንዱን ተውሶ፣ ሌላውን ቅዱስ የምትለው በየትኛው ሚዛን ነው?

ታሪክ ወዳድ፦
ኢትዮጵያን እዚህ ውስጥ አታስገባ። እኛ ኢትዮጵያን ራሳችን መርጠን ነው የያዝናት። ኤርትራን የመረጠው ሮም የተቀመጠ ሰው ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ወዲ ባጽዕ፦
«ራሳችን መርጠን» ስትል ከመካከላችሁ ማን ተጠይቆ ነው የመረጠው? እኛስ? ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። እንግሊዝ ገባ፣ ወጣ። ፌዴሬሽን መጣ፣ ፈረሰ። ጃንሆይ ጠቅላይ ግዛት አደረጉት፣ ስሙን ግን አልነኩትም። ደርግም ክፍለ ሀገር አለው፣ ስሙን አልነካውም። በመጨረሻ ሕዝቡ ራሱ ያዘው። ምርጫ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጅዳ ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስሙ የማን ነው የሚለው ውስጥ አልገባም። ሌላ ነገር ነው የገረመኝ። ጅዳ 9 ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራ ስጨርስ ባሕሩ ዳር እሄዳለሁ። ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ይሆናል። ቀይ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ግሪኮቹ ምኑን አይተው ነው ቀይ ያሉት? ዐረቦቹም ቢሆኑ ዛሬ አል ባሕር አል አሕመር ይሉታል እንጂ የድሮው መጠሪያቸው ባሕር አል ቁልዙም ነው። ስዌዝ አጠገብ ከነበረች ክሊዝማ ከምትባል ወደብ የተወሰደ ነው። ከቀለም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
ልጄ፣ አለማየትህ የለም ማለት አይደለም። እኔ ምፅዋ የባሕር ኃይል ውስጥ ከ1982 በፊት ያገለገልኩ ነኝ። በዳህላክ በኩል ስናልፍ ነፋስ ሲረጋ ውኃው ላይ ረጃጅም መስመር ተጋድሞ ታያለህ። ቀይ ቡናማ ነው። መርከቡ ሲሰነጥቀው እንደ ሳጋቱራ ግራና ቀኝ ይበተናል። በባልዲ ቀድተን አይተነዋል፣ ይሸታል። ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ በጣም ደቃቅ። ጀርመናዊው ኤረንበርግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲና አጠገብ ቶር ላይ አይቶት ነው ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው። የስሙ ግማሽ «ኤሪትሬዩም» ነው። ሁልጊዜ አይወጣም። ሲወጣ ግን ዓይን አይስተውም። ጥንት በሸራ የሚጓዝ ሰው ይህን አይቶ ቀይ ቢለው ምን ይገርማል?

ታሪክ ወዳድ፦
ጋሼ፣ ምስክርነትዎን አከብራለሁ። ግን ግሪኮቹ «ኤሪትራ ታላሳ» ያሉት ይህን የኛን ባሕር ብቻ አይደለም። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ በዚህ ስም የሚጠራው የደቡቡን ባሕር በጠቅላላ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ፣ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የኛን ጠባቡን «የዐረብ ባሕረ ሰላጤ» ነው የሚለው። በዳህላክ የተንሳፈፈ ሳጋቱራ የሕንድ ውቅያኖስን ስም ሊሰጠው አይችልም። (ሳጋቱራ ራሱ የጣልያን ቃል ነው፣ ይመዝገብልኝ።)

ወዲ ባጽዕ፦
ሳጋቱራ ጣልያንኛ ስለሆነ እንጨት ቤት ያለው ሳጋቱራ የጣልያን ንብረት ነው ማለት ነው? እንጨቱን የቆረጠው የኛ አናጺ፣ የጠረገው የኛ ልጅ። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ ነገሩ የማን ነው ብለህ ጠይቅ።

ሸገር ልጅ፦
ወዲ ባጽዕ የልቤን ነው የተናገርከው።

ዲያቆን ነኝ፦
ስለ ስፋቱ ታሪክ ወዳድ የተናገረው እውነት ነው፣ የሚደግፈው ግን እኔን ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው «የኤርትራ ባሕር ዙሪያ ጉዞ» አለ። አዱሊስን በስም ይጠቅሳል። የዝሆን ጥርስ ከየት መጥቶ እንደሚጫን ይነግራል። ንጉሡን ዞስካሌስ ይለዋል፣ ለንብረቱ ሳሳ ቢልም የግሪክ ፊደል የተማረ ነው ይላል። እንግዲህ በአዱሊስ ወደብ ከግሪክ ነጋዴ ጋር የሚገበያይ፣ ግሪክ የሚያነብ ንጉሥ ያለበት ሕዝብ ይህን የባሕር ስም «አያውቀውም» ልትለኝ ነው? ከጽሑፉ ርእስ ላይ አለ እኮ!

ታሪክ ወዳድ፦
ዞስካሌስ ያውቅ ይሆናል። ሐማሴን ያለው ገበሬ ግን ራሱን «ኤርትራዊ» ብሎ አያውቅም። እኔ የምለው እሱን ነው።

ዲያቆን ነኝ፦
እንግዳው ግን ያለው እሱን አይደለም። «ማንም አያውቀውም» ነው ያለው። ቃሉን በልክ ይያዝልኝ።

ከሪሾን፦
ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እዚህ ቤተ እስራኤል ቤት ውስጥ ይህ ነገር በየዓመቱ ይነሣል። ቄሶቻችን የግዕዝ ኦሪት ነው የሚያነቡት። እዚያ ባሕረ ኤርትራ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ግን «ያም ሱፍ» ይላሉ፣ ካርታው ላይም እንዲያ ነው። ሱፍ ቄጠማ ነው። ሙሴን እናቱ በሣጥን አድርጋ የደበቀችው በዚያው ቃል ነው፣ በቄጠማው መካከል። እንግዲህ ዕብራይስጡ ላይ ቀይ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ቀዩን ያስገቡት እስክንድርያ ውስጥ ወደ ግሪክ የተረጎሙት ሊቃውንት ናቸው። ልጄ «አባባ፣ አያቴ የምትለው ባሕርና መምህራችን የምትለው ባሕር አንድ ነው?» ስትለኝ አንድ ነው አልኳት። የስሙን ጉዳይ ግን ገና አላስረዳኋትም።

የሰመራዋ፦
ሁላችሁም ግሪክ፣ ላቲን፣ ዕብራይስጥ ትላላችሁ። ባሕሩ ዳር የሚኖረውን ሰው ማን ጠየቀ? እኔ አፋር ነኝ። በአፋር ውስጥ ዓሳይማራና ዓዶይማራ የሚባል የቆየ ክፍፍል አለ። ዓሳይማራ «ቀዮቹ»፣ ዓዶይማራ «ነጮቹ» ማለት ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁማችሁ ብታዩ መልካቸው አንድ ነው። ቀይ ሲባል ሁልጊዜ ዓይን የሚያየው ቀለም አይደለም። እናንተ ግን ከባልዲ ውስጥ ቀይ ፍለጋ ላይ ናችሁ።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
ልጄ፣ ባልዲው አይናቅ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

የሰመራዋ፦
አልናቅኩም አባባ። ባሕሩን ከመርከብ ላይ ያዩት ብቻ ሲናገሩ ነው ቅር ያለኝ። ዘላኑ ከዳናክል በረሃ ግመሉን እየነዳ ወርዶ ነው የሚያየው።

ጅዳ ነዋሪ፦
የሰመራዋ ያለችው ነገር አንድ ያነበብኩትን አስታወሰኝ። ቀለም አቅጣጫ ነው የሚሉ አሉ። በጥንት ፋርሶች አካባቢ ሰሜን ጥቁር፣ ደቡብ ቀይ ይባል ነበር፤ ለዚህ ነው ሰሜን ያለው ጥቁር ባሕር፣ ደቡብ ያለው ቀይ ባሕር የሆነው ይላሉ። ቱርኮችም እስከ ዛሬ ካራዴኒዝ፣ አክዴኒዝ፣ ክዝልዴኒዝ ይላሉ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ። ነጩ ሜዲትራኒያን ነው። ሄሮዶቱስ የደቡቡን ውኃ በሙሉ ቀይ ማለቱም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ሸገር ልጅ፦
ይህ አሳማኝ ነው። ግን ከባሕሩ ማዶ፣ የመን ላይ የነበረውን ሕምየርን ለምን ረሳችሁት? ዔዛና «ንጉሠ አክሱም ወዘሕምየር» ይል የለም እንዴ? በዐረብኛ አሕመር ቀይ ነው። ሕ፣ መ፣ ረ። ከባሕሩ ማዶ የሚኖሩት «ቀዮቹ» ናቸው፤ ግሪኮች ሰምተው ተረጎሙት። ስሙ መጀመሪያውኑ የኛ አካባቢ ነው ማለት ነው!

ታሪክ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ሕምየር መንግሥት ሆኖ የተነሣው ከክርስቶስ ልደት በፊት 110 ዓመት ገደማ ነው። ሄሮዶቱስ ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው «ኤሪትራ ታላሳ» ያለው። ገና ስሙ ያልወጣን መንግሥት ሰምቶ ሊተረጉም አይችልም። ሁሉን ነገር ወደ ራስ መጎተት ታሪክ አይሆንም።

ሸገር ልጅ፦
መንግሥት ከመሆኑ በፊት ሕዝብ አልነበረም? መንግሥት ሲሆን ነው ሰው የሆነው?

ታሪክ ወዳድ፦
ጽሑፍ አምጣ። «ነበር ይሆናል» ማስረጃ አይደለም።

ከሪሾን፦
እናንተ ሕምየር ስትሉ እዚህ ደግሞ ኤዶም የሚሉ አሉ። ኤዶም ቀይ ነው፣ የዔሳው ስም። ሰሎሞን መርከብ ያሠራባት ዔጽዮን ጋብር በኤዶም ምድር፣ በዚያው ባሕር ዳር ናት። ስለዚህ «የኤዶም ባሕር» ነበር፣ ግሪኩ ቀይ ብሎ ተረጎመው ይላሉ። እኔ አልተቀበልኩትም። ያም ሱፍ ብሎ የጻፈ ሰው ያም ኤዶም ማለት አያቅተውም ነበር።

ዲያቆን ነኝ፦
ግሪኮቹ ራሳቸውም አልተስማሙም። አጋታርኪደስ የሚባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ጸሐፊ ቀለም የሚለውን ጭራሽ አልተቀበለም። ኤሪትራስ የሚባል የፋርስ ሰው ነበር፣ ባሕሩ በእሱ ስም ነው የተጠራው ይላል። መቃብሩም በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ባለች ደሴት ላይ ነው የሚሉ ነበሩ። የቃሉ ባለቤቶች ያልተስማሙበትን አንድ የሬዲዮ እንግዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። የሚያበሳጨኝ ይህ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
እንግዳው ስለ አገሩ ስም ነው የተናገረው አልኩህ። ስለ ኤሪትራስ ማን ጠየቀ?

ተሳታፊ 27፦
ይህን ሁሉ ከምትባባሉ አንድ ነገር ልበል። ባሕረ ኤርትራ በግዕዝ መጻሕፍታችን ካለ፣ ባሕሩም የኛ ነው ማለት ነው። ይህን ይዘን ነው መከራከር ያለብን።

ወዲ ባጽዕ፦
መጣ እንግዲህ። እኔ ዲያቆንን ያመሰገንኩት ለዚህ አልነበረም።

ዲያቆን ነኝ፦
ተሳታፊ 27፣ እኔን መጠጊያ አታድርገኝ። ዳዊት ላይ ዮርዳኖስም አለ፣ ሊባኖስም አለ። ሊባኖስን እንጠይቅ? ወደብ የሚያስፈልገው ሕዝብ ስለ ወደብ በወደብ ቋንቋ ይነጋገር። መዝሙር የድንበር ውል አይደለም።

የሰመራዋ፦
ድንበርም ወደብም ስትሉ እዚያ የሚኖር ሰው አለ። አፋር በሦስት አገር ተከፍሎ ነው የሚኖረው። ይህን አትዝለሉ።

ተሳታፊ 27፦
ለአገሬ መቆርቆር ነውር ሆነ?

ሸገር ልጅ፦
ነውር አልሆነም። ግን እኔ ይህን ክርክር የጀመርኩት አንድ ቃል ተዋሽቶበት ነው። ወደዚያ አትውሰደው፣ እባክህ።

ጅዳ ነዋሪ፦
አንድ ጥያቄ ላንሣ ለታሪክ ወዳድ። «ቃሉ የኛ ቢሆን ባሕረ ቀይሕ ይባል ነበር» ብለሃል። በትግርኛ ዛሬ ቀይሕ ባሕሪ ነው የሚባለው፣ የኤርትራ ሁለቱ የባሕር ዳር ዞባዎችም (ክልሎችም) ሰሜናዊ ቀይሕ ባሕሪና ደቡባዊ ቀይሕ ባሕሪ ናቸው። እኛም ቀይ ባሕር እንላለን። ታዲያ አንድ ሰው ሁለቱንም ስም ሲጠቀም ምኑ ነው ተውሶ፣ ምኑ ነው የራስ?

ታሪክ ወዳድ፦
ቀይ ባሕር ማለትም ያው የግሪኩ ትርጉም ነው። ነጥቤን ነው ያጠናከርክልኝ።

ወዲ ባጽዕ፦
ምን ብትባል ነው ነጥብህ የማይጠናከረው? በግሪክ ብንል ተውሶ፣ በራሳችን ቋንቋ ብንል ትርጉም። ስም ሳይኖረን እንኑር?

ታሪክ ወዳድ፦
ኑሩ። ከነስሙ ኑሩ። ምንጩ ከየት ነው ሲባል ግን ከሮም ነው በሉ። ዶሲን ደብቃችሁ ዳዊትን ብቻ አታምጡ። ቅኝ ገዢ ካርታ ላይ የጻፈውን ስም የጥንት ልብስ ማልበስ ራሱ የዶሲ ሐሳብ ነበር። ጥንታዊ ክብር እንዲኖረው ፈልጎ ነው የመረጠው።

ዲያቆን ነኝ፦
ዶሲን ማንም አልደበቀም። መጀመሪያ ያነሣኸው አንተ፣ አገሩን ሰየመ ያልነው ሁላችንም። እኔ የማልቀበለው «ከሮም መጣ» የሚለውን ነው። ሮም ከግሪክ ወሰደች፣ እኛም ከግሪክ ወሰድን። ማንም ከማንም ቀድሞ ቢሆን እኛ ከዶሲ ቀድመናል። እሱ የሰየመው መሬት ነው፤ ቃሉን አላዋለደም።

ጡረተኛው መርከበኛ፦
ልጆች፣ በአዲሱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቀይ ባሕር» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ። በቀድሞው «የኤርትራ ባሕር» ነው። ዲያቆን፣ አንተ የቱን ታነባለህ?

ዲያቆን ነኝ፦
ግዕዙን ጋሼ፣ ባሕረ ኤርትራን። አንድም ፊደል አልቀይርም።

ታሪክ ወዳድ፦
ግዕዙ ላይ ያለው ፊደል እኮ የግሪክ ቃል ነው።

ዲያቆን ነኝ፦
«ዲያቆን» የሚለውም የግሪክ ቃል ነው። ክህነቴን ልመልስ?

ወዲ ባጽዕ፦
ታሪክ ወዳድ፣ የዲያቆንን ጥያቄ መልስ እየጠበቅን ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
ነገ የአዋጁን ቅጂ ፎቶ አንሥቼ አመጣለሁ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ሸገር ልጅ፦
አዋጁን አምጣ። እኔ ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያው ማስተካከያ እንዲያነብ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ስማችሁን ለማኖር የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ተሳታፊ 27 ግን ስለ ወደብ አንድም መስመር አይጨመርበትም።